ፊደላችንን ማን ቆለፈው? ማንስ ከፈተው?

ስልካችሁ ላይ ሦስት ኪቦርድ አላችሁ። ለጓደኛ በዕብራይስጥ፣ ለሥራ በእንግሊዝኛ፣ ለአያት ደግሞ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ትጽፋላችሁ፤ አንዷን ምልክት ነካ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ከዚህ ሌላ ዘመን ስላላያችሁ ነገሩ እንደ ቧንቧ ውሃ በራሱ የመጣ ይመስላችኋል። በራሱ አልመጣም። ግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙ ክርክር፣ ብዙ ገንዘብና ከዚያ የበለጠ የነፃ ጉልበት ፈሷል፤ የጠፋም ጽሑፍ አለ፣ አንዳንዱም የእኛው ሰፈር ጽሑፍ ነው።

የምነግራችሁ የሁለት ወገኖች ታሪክ ነው። አንደኛው ወገን ሶፍትዌር ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ሶፍትዌሩን ከነሶርስ ኮዱ ለማንም የሚሰጥ ማኅበረሰብ ነው፤ በዕብራይስጥ «ኮድ ፓቱዋሕ» የምትሉት፣ በአማርኛም ኦፕን ሶርስ እየተባለ የሚጠራው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ጠላት አድርጎ ያወራል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ግን ሰነዶቹን ሳገላብጥ ያየሁት ከጠላትነት ይልቅ ጉርብትናን ነው፤ የሚዋዋስ፣ የሚጣላ፣ አንዳንዴም አንዱ ሲሞት ሌላው ልጆቹን የሚያሳድግበት ዓይነት ጉርብትና። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ጠቅለል ያለውን ልንገራችሁና ቶሎ ወደ ቤታችን እንግባ። በ1976 ገና ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ በኮምፒውተር ለሚዝናኑ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፕሮግራሜን እየገለበጣችሁ ትሰርቁኛላችሁ፣ እንዲህ ከሆነ ማን ጥሩ ሶፍትዌር ይሠራል የሚል ስሞታ ነበር። በ1983 ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ፤ ሐሳቡ የተገላቢጦሽ ነበር፦ ፕሮግራምን መገልበጥ፣ ማንበብና ማሻሻል የተጠቃሚው መብት ነው። በ1989 ይህንን ሐሳብ ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ወደ ሕግ ቋንቋ አመጣው። የፈቃዱ ብልሃት ቀላል ነው፦ ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥም ከፈለግህ፤ ለሌላ ስትሰጥ ግን አንተም ሶርስ ኮድህን ከፍተህ ስጥ። በ1991 ሊኑክስ መጣ፤ በ1998 «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም ወጣ። በ2001 የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ከካንሰር ጋር አመሳሰለው። በ2018 ይኸው ማይክሮሶፍት የኦፕን ሶርስ ፕሮግራመሮች ሁሉ የሚሰባሰቡበትን ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2019 አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ወሰደ። ካንሰር ያለውን ነገር ማን በ7.5 ቢሊዮን ይገዛል? ከእኛ አገርም ምሳሌ አለ። ኩምራኔት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ኬቪኤም በ2007 የሊኑክስ አካል ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሬድ ሃት ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሥራውን በነፃ ሰጥተው ነው የሸጡት፤ ይህንን ለአያቴ ማስረዳት አቅቶኛል።

አሁን ወደ ዕብራይስጥ። በ1990ዎቹ የዕብራይስጥ ድረ ገጾች ብዙዎቹ የተጻፉት ወደ ኋላ ነበር። በእኛ ቋንቋ ላስረዳ፦ «ሰላም» ለማለት «ምላሰ» ተብሎ ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሳየው ዓይን ላይ ደህና ይመስላል። ምክንያቱም በዘመኑ ገበያውን የያዘው ኔትስኬፕ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ አያውቅም ነበር። መስኮቱን ጠበብ ስታደርጉት መስመሩ ይዘበራረቃል፤ ቃል ስትፈልጉ አይገኝም። ትልቁ ኩባንያ ለትንሽ ገበያ ምን አስጨነቀው? እስራኤል ለሻጭ ትንሽ አገር ናት። ዕብራይስጥ ግን መንግሥት፣ ባንክና ዩኒቨርሲቲ ከኋላው ነበሩት፤ ይህንን አስታውሱልኝ፣ ወደ አማርኛ ስንመጣ ይጠቅመናል።

ይህንን ችግር ማን ፈታው ብትሉ፣ መልሱ ሁለቱም ነው። ዶቭ ግሮብጌልድ በ1999 ገደማ ፍሪቢዲ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በነፃ አወጣ፤ ሥራው ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ በአንድ መስመር ሲገናኙ የትኛው ወዴት እንደሚዞር መወሰን ብቻ ነው። ይቺ ትንሽ ፕሮግራም የስንቱ የሊኑክስ ፕሮግራም አከርካሪ ሆነች። በሌላ በኩል ኔትስኬፕ ሶርስ ኮዱን ከፍቶ ሞዚላ ሲወለድ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የመጻፉን ሥራ ለሞዚላ የሰጠው አይቢኤም ነበር፤ ለብዙ ዓመታት በሞዚላ ኮድ ውስጥ እነዚያ ክፍሎች በአይቢኤም ስም ተሰይመው ይታዩ ነበር። አይቢኤም የሚሸጠው ሌላ ነገር ነበረው፤ ደንበኞቹ ግን ዕብራይስጥና ዐረብኛ ይፈልጉ ነበር። ልግስና ልትሉት ትችላላችሁ፣ ሒሳብ ልትሉት ትችላላችሁ፤ ለአንባቢው ልዩነት የለውም።

ከክርያት ቢያሊክ አውቶቡስ ይዛችሁ ቴክኒዮን ብትወጡ ሌላ ታሪክ አለ። በዚያ ሃይፉክስ የሚባል የሐይፋ የሊኑክስ ክበብ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ ሰፈር ሰዎች ሁለቱ፣ ናዳቭ ሃርኤልና ዳን ኬኒግስበርግ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤች-ስፔል የሚባል የዕብራይስጥ ፊደል አራሚ ሠሩ። የቃላት ዝርዝሩን ከማንም አልገለበጡም፤ ያሉት መዝገበ ቃላት ባለቤት ነበራቸዋ። ቃል በቃል ራሳቸው ሰብስበው፣ የዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚ ያወጣውን ያለ ነቁጥ የመጻፊያ ደንብ ተከትለው፣ እያንዳንዱ ግስ እንዴት እንደሚረባ ለኮምፒውተሩ አስተማሩት። ለአንባቢ ቀላል ይመስላል፤ የግስ እርባታ በዕብራይስጥም በአማርኛም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ግን የጉልበቱን መጠን ይገምታል። በ2003 ደግሞ ሃማኮር የሚባለው የእስራኤል የነፃ ሶፍትዌርና የኦፕን ሶርስ ማኅበር ተመሠረተ፤ ስሙ «ምንጩ» ማለት ነው፣ ደግሞም «ኦሪጅናሉ»፤ ዕብራይስጥ ለምታውቁት ቀልዱ ይገባችኋል።

ኤች-ስፔል መጀመሪያ በጂፒኤል ነበር። በኋላ ፈቃዱ አፌሮ ወደሚባለው ጠበቅ ያለ ጂፒኤል ተቀየረ። ልዩነቱ ይኼ ነው፦ የድሮው ፈቃድ «ለሌላ ስትሰጥ» ኮድህን ክፈት ይላል። አሁን ግን ትልልቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሙን ለማንም አይሰጡም፤ የራሳቸው ሰርቨር ላይ አስቀምጠው አገልግሎቱን ብቻ ያቀርቡላችኋል። አፌሮ «በኔትወርክ ብታገለግልበትም ያሻሻልከውን አሳይ» ይላል። ዳቦውን ሳትሸጥ ሽታውን ብቻ የምትሸጥበት ዘመን ስለመጣ ሕጉም አብሮ መጣ።

ወደ አማርኛ ልግባ፤ ቁጥሩ ነው ጉዳዩን የሚነግራችሁ። የያኔው ኮምፒውተር አንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ነበር፤ ከዚያ ላይ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ዕብራይስጥ 22 ፊደልና 5 መድረሻ ፊደል ይዞ ከእንግሊዝኛው ጎን ተመቻችቶ ተቀመጠ። የእኛ ግን 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ሏ፣ ቧ፣ ጓ አሉ፤ 20 የግዕዝ ቁጥሮች አሉ፤ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አሉ። አይገባም። ከዚያ በፊት የጽሕፈት መኪናው ዘመንም ይኸው ችግር ነበረ፤ የኢንጂነር አየነ ብሩ ስም የሚነሳውም ፊደሉን በመኪና ቁልፎች ላይ ለማስፈር በደከሙበት ድካም ነው። ጭረት ከፊደሉ ጎን እየመቱ ካዕብና ሣልስ ይሠሩ ነበር፤ የቆዩ ደብዳቤዎች ላይ ፊደሎቹ እግራቸው የተሰበረ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካም በአዲስ አበባም ያሉ ባለሙያዎች ይህንን መፍታት ጀመሩ። እነ ዶክተር አበራ ሞላ፣ እነ ፍሥሐ አጥላው በውጭ አገር ቀደም ብለው ከሞከሩት ናቸው። ከዚያ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ፊደል፣ በኋላም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉ ፕሮግራሞች መጡ። በኢትዮጵያ ከ1992ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ የተለቀሙት በእነዚህ በሚሸጡ ፕሮግራሞች ነው። ይህንን ውለታ መካድ ነውር ነው። እነዚያ ሻጮች ባይኖሩ የዚያ ዘመን ጋዜጣ፣ መጽሐፍ፣ የሠርግ ካርድ እንኳ አይኖርም ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሻጭ ፊደሉን የደረደረው በራሱ መንገድ ነው። አንዱ ጋ «በ» የተቀመጠበት ቁጥር ሌላው ጋ «ሽ» ነው። ፊደሉ ስለማይገባም ሁለትና ሦስት ፎንት ላይ ይከፋፍሉታል፤ አንድ ቃል ስትጽፉ ፕሮግራሙ ከበስተኋላ ፎንት እየቀያየረ ይሄዳል። ስለዚህ የአንዱ ሻጭ ጽሑፍ በሌላው አይከፈትም፤ ፕሮግራሙ የሌለው ሰው የሚያየው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ትርምስ ነው። ለምን አልተስማሙም? አንዱ ምክንያት ከላይ ያነሳሁት የቢል ጌትስ ስሞታ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ፕሮግራም በዲስኬት እየተገለበጠ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። ሕግ የማያስጠብቅለት ነጋዴ በር ላይ ቁልፍ ያበዛል። ልዩ የሆነው ኮድ ቁልፉ ነበር፤ ጽሑፍህን ማንበብ ከፈለግህ የእኔን ፕሮግራም ግዛ። ሻጩን ልረዳው እችላለሁ። የተቆለፈው ዕቃ ግን የሻጩ አልነበረም፤ የጸሐፊው ነበር።

ይህ በእኛ ሰፈር ምን እንዳደረገ ላሳያችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክራዮት ካሉ ማኅበራት የአንዱ የቆየ ካርቶን እጄ ገባ፤ ውስጡ ደብዳቤዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና አምስት ዲስኬቶች ነበሩ። ከዲስኬቶቹ በአንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ሱዳን - ስሞች» ተብሎ ተጽፏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ሽማግሌ ከየቤቱ እየዞሩ በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ውስጥ የሞቱባቸውን ዘመዶች ስም ሰብስበው፣ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጅ ተይባላቸው ነበር። በዚያ ጉዞ ያለቀው ወገን ወደ 4000 እንደሚጠጋ ይነገራል፤ በሄርጽል ተራራ ላይ ያለውን መታሰቢያ አይታችሁ ይሆናል። የክራዮቱ ዝርዝር የዚያ ቁራጭ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር፣ የሞተበት ቦታ።

ፋይሉ ሲከፈት ትርምስ ነው። የተጻፈበት ፕሮግራም ከገበያ ጠፍቷል፤ ስሙን አልጠራም፣ የዘመኑ ሁሉ ጠባይ ነበርና። የአሁኑ ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፤ የሚጠየቅ ሰውም የለም። ያዳነን ምን ነበር? በጎ ፈቃደኞች ባለፉት ዓመታት የድሮ ፎንቶችን ኮድ አንድ በአንድ እየፈቱ በነፃ ፕሮግራሞች ውስጥ ያስቀመጧቸው ሠንጠረዦች። እነዚያን የመሰለ ሠንጠረዥ ተጠቅሞ አንድ የቴክኒዮን ተማሪ፣ የእኛው ሰፈር ልጅ፣ በሁለት ምሽት ትርምሱን ወደ አማርኛ መለሰው። መንደሮቹ ተነበቡ። ኡምራቁባ የሚለው ቃል ከገጽ ገጽ እየተደጋገመ መጣ።

ግን ሁሉም አልተመለሰም። ልጅቷ ፋይሉን ስታስቀምጥ፣ ምናልባት ዲስኬቱ ላይ ቦታ ለመቆጠብ፣ እንደ ተራ ቴክስት ነው ያስቀመጠችው። ተራ ቴክስት ደግሞ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደመጣ አይመዘግብም። በዚያ ፕሮግራም አደራደር የመጀመሪያው ፎንት «ነ» ያለበት ቁጥር በሁለተኛው ፎንት «ፀ» ነው። አብዛኛው ቃል በራሱ ይፈታል፤ ሁለቱንም ሞክራችሁ አንዱ ብቻ ትርጉም ይሰጣል። ስም ሲሆን ግን ሁለቱም ስም የሚሆንበት አለ። አንድ መስመር ላይ ያለው የሰባት ዓመት ልጅ ነጋ ነው ወይስ ፀጋ? ሽማግሌው አርፈዋል። የአባት ስሙን ይዘን ቤተሰብ ፈለግን፤ እስካሁን አላገኘንም። እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ መስመሮች ቀርተውናል፤ በሁለት ስም ነው የያዝናቸው።

መውጫው እንዴት መጣ? ሁለት እርምጃ አለው። አንደኛው የበጎ ፈቃደኞች ነው። ኢንተርኔት ገና ግዕዝን ሳያውቅ፣ በ1990ዎቹ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የሚባል ደንብ አወጡ፤ አማርኛን በተራ የእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ሳይዛነፍ መጻፍ እንደሚቻል። ትንሹ «ቲ» ተ ነው፣ ትልቁ «ቲ» ጠ ነው፣ እንዲህ እያለ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የእንግሊዝኛ ቁልፍ እየነካችሁ ግዕዝ የምታወጡት የዚያ ሐሳብ ዘመድ በሆነ መንገድ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኢት የሚባል የነፃ ኮድ ስብስብም አወጣ፤ ከአንዱ ሻጭ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚያስተረጉም። ሻጮቹ በመካከላቸው ያልሠሩትን ድልድይ ያለ ክፍያ የሠራው እሱ ነው። በኋላ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በሚባለው ድርጅት በኩል ሥራው ቀጠለ።

ሁለተኛው እርምጃ ዩኒኮድ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የጠላትነቱ ወሬ የሚፈርሰው። ዩኒኮድን የፈጠሩት የነፃ ሶፍትዌር አርበኞች አይደሉም። በ1988 ሐሳቡን በስሙ ያወጣው የዜሮክሱ ጆ ቤከር ነው፤ ኮንሶርሺየሙን በ1991 ያቋቋሙት እነ አፕል፣ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ሰን ያሉበት የሻጮች ስብስብ ነው። ሻጮች ለራሳቸው ችግር፣ ፕሮግራማቸውን በሁሉም አገር ለመሸጥ፣ አንድ ሰንጠረዥ አስፈለጋቸው። ግዕዝን እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ በትክክል ለማስገባት ግን ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሥራ በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ሆነ። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶች ቋሚ ቁጥር አገኙ። ከዚያ ወዲህ «ነ» በየትኛውም ኮምፒውተር «ነ» ነው፤ «ፀ»ም ሌላ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ ዳግም አይምታቱም። የክራዮቱ ዝርዝር አምስት ዓመት ዘግይቶ ቢተየብ ኖሮ አሥራ አንዱም ስሞች ይነበቡ ነበር።

ቁጥር ማግኘት ግን መታየት አይደለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር የግዕዝ ፎንት ያቀረበው ቪስታ በ2007 ለገበያ ሲወጣ ነው፤ ንያላ ይባላል፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረው እንስሳ ስም፤ ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌድ ያወጡት ቆንጆ ፎንት ነው። ከ1999 እስከ 2007 ድረስ ያለውን ክፍተት የሞሉት ማን ናቸው? ሰናምርምር የሚባለው ፕሮጀክት ያወጣቸው እነ ጅረትና ዋሸራ፣ ከመካከላቸውም በታዋቂው የቁም ጸሐፊ በይግዘው ብሥራት ስም የተሰየመ አለ፤ ዛሬም በዴቢያን ሊኑክስ ውስጥ ይገኛሉ። አቢሲኒካ የሚባለው የኤስአይኤል ፎንትም ለማንም ነፃ ነው። ጉግል በበኩሉ ኖቶ የሚለውን የፎንት ቤተሰብ ሲያወጣ ግዕዝንም ጨመረ፤ እሱንም በነፃ ፈቃድ ለቀቀው። ጉግል ለምን ደግ ሆነ? ስልኩ ላይ ባዶ ሳጥን የሚያይ ሰው ማስታወቂያም አያይም።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ የኪማን ታሪክ ነው። ብዙ ወላጆቻችሁ ኮምፒውተራቸው ላይ አማርኛ የሚጽፉበት ፕሮግራም ነው። በአውስትራሊያ ማርክ ዱርዲን በ1993 ለላኦ ቋንቋ ብሎ የጀመረው፣ ከዚያ ታቩልቴሶፍት በሚባል ኩባንያው በኩል ሲሸጠው የኖረ ነው። በ2015 ኤስአይኤል ወሰደው፤ ቀጥሎም ነፃ ሆነ፣ ሶርስ ኮዱም ተከፈተ። የአማርኛውን ኪቦርድ ያዘጋጀው ግዕዝ ፍሮንቲየር ነው። አንድ የሚሸጥ ዕቃ ከነባለቤቱ በሕይወት እያለ ወደ ሕዝብ ንብረትነት ተሻገረ። የክራዮቱ ፎንት ሻጭም ሱቁን ሲዘጋ የኮዱን ሠንጠረዥ አንድ ገጽ ላይ አትሞ ቢያወጣ ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር?

መንግሥትም በዚህ ውስጥ እጁ አለበት። በ2003 መጨረሻ የእስራኤል የገንዘብ ሚኒስቴር የማይክሮሶፍት ኦፊስ አዲስ ግዢን እንዳቆመ ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ከሰን ማይክሮሲስተምስና ከአይቢኤም ጋር ሆኖ የኦፕን ኦፊስን የዕብራይስጥ ቅጂ አገዘ። አንዳንዶች ዋጋ ለማስቀነስ የተደረገ ክርክር ነበር ይላሉ፤ ይሆናል። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰን ራሱ በ2010 በኦራክል ተገዛ። የኦፕን ኦፊስ ሠራተኞች ኦራክልን ስላላመኑት በዚያው ዓመት ኮዱን ይዘው ወጡና ሊብረኦፊስን መሠረቱ። የዕብራይስጡ ሥራ አብሮ ሄደ፤ አንድ መስመር አልጠፋም። ኩባንያ ሞተ፣ ጽሑፍ ግን አልሞተም። የሰን ስም በአማርኛም ላይ አለ። ሊኑክስ ውስጥ የአማርኛ የቀናትና የወራት ስሞች የሚቀመጡበት ፋይል አለ፤ ራስጌው ላይ ምንጩ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና ሰን ማይክሮሲስተምስ መሆኑ ተጽፏል። ኩባንያው ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ ሰኞና ማክሰኞ ግን እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ዕብራይስጥና አማርኛ ጎን ለጎን ሲታዩ የሚለያቸው የነፃ ሠራተኞች ትጋት አይደለም፤ ሁለቱም ጋ ነበረ። ዕብራይስጥ ከኋላው ገዢ የሆነ መንግሥት ነበረው፤ ሻጩን አስጠርቶ «ይህ ካልሆነ አልገዛም» የሚል። በእስራኤል ያለነው አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ የሚል ገዢ ኖሮን አያውቅም። ሚኒስቴሮች ለወላጆቻችን በአማርኛ ደብዳቤ ሲልኩ ኖረዋል፤ ያ ደብዳቤ በምን ፎንት እንደሚጻፍ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ይነበብ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን በሰነዶቹ ውስጥ አላገኘሁም። ለእኛ የነፃው ሥራ ትርፍ ሳይሆን ብቸኛው ጥሪት ነበር።

አሁን ደግሞ ዙሩ ሌላ ነው። ጉግል በ2016 አማርኛን መተርጎም ሲጀምር፣ ዛሬም የሚናገሩ ማሽኖች አማርኛ ሲማሩ፣ የሚማሩት ሰዎች በነፃ ከጻፉት ነው። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የሚባል የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ግሶች የሚበትን ፕሮግራም በነፃ ሰጥቷል፤ ለቋንቋችን የኤች-ስፔል ወንድም ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከእናንተ በሃይቴክ የምትሠሩ አላችሁ፤ ማታማም አጠገብ፣ ዮክነዓም፣ ቴል አቪቭ። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጨመር ስታስቡ የምትመርጡት ፈቃድ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ብጠየቅ አፌሮን እመርጥ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን እንዲያ ካልን ኩባንያዎች ጭራሹን አይነኩትም፣ አማርኛም ከምርታቸው ውጭ ይቀራል ይሉኛል። ኖቶን አይተው ነው፤ እውነት አላቸው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ቤታችሁ፣ አያቶቻችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የማትናሱ ምድር ቤት ውስጥ ዲስኬት ወይም ሲዲ ካገኛችሁ አትጣሉ፤ ከፍታችሁም መልሳችሁ «ሴቭ» አታድርጉ፣ የአሁኑ ፕሮግራም የፎንቱን ስም ሊያጠፋው ይችላል። መጀመሪያ ግልባጭ አድርጉ። ፋይሉ የወርድ ከሆነ የፎንቱን ስም በወረቀት ላይ ጻፉት። የቆየ ኮምፒውተር አብሮ ካለ የፎንት ፋይሎቹን ቅዱ፤ ፎንቱ ካለ ኮዱ ይፈታል። የታተመ ወረቀት ካለም አብሮ ይቀመጥ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ቢገኝልን ኖሮ የልጁን ስም እናውቀው ነበር። የተየበችውን ሴት ካወቃችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉላት።